ፖስተሩ ላይ «አዲስ» ስለተባለ ትኬት እንዳትቆርጡ

ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። ትናንት እሁድ ነው የሆነው።

ስታዲየም አካባቢ ወዳለ አንድ ሲኒማ ቤት እማዬን ይዣት ሄድኩ። ፖስተሩን ታውቁታላችሁ። ጥንዶቹ ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል፣ ኮሜዲያኑ መሃል ላይ አፉን ከፍቷል፣ ከላይ «አዲስ ሮማንቲክ ኮሜዲ» ተብሏል። ታሪኩም ያው ነው። የሀብታም ልጅ፣ የድሃ ልጅ፣ የውሸት ጋብቻ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኤርፖርት ሩጫ። ይሄን አውቄ ነው የገባሁት። ቀልዱ እንኳ አዲስ ይሆናል ብዬ ነበር። ሁለት ትኬት 600 ብር።

ልጅቷ ስልክ ይዛ በእንግሊዝኛ «ዋይ? ዋይ?» ትላለች። ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱን እየደቃ «ማን ሞተብሽ እመቤቴ?» ይላል። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ተደገመ። እራት ላይ ሠለሰ። በአራተኛው፣ ልጅቷ ገና ስልኳን ከቦርሳዋ ስታወጣ፣ እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አሁን ማን ሞተብሽ ሊላት ነው» አለችኝ።

አላት። ባርኔጣው ወረደ፣ ደረቱ ተመታ።

«ይሄን እኮ ለፋሲካ በቴሌቪዥን አይተነዋል» አለች እማዬ። እውነቷን ነው። ያው ተዋናይ፣ ያው ባርኔጣ፣ ሌላ ፊልም። እማዬ በልጅነቷ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ተሰልፋ ገብታ፣ የህንድ ፊልም አይታ እያለቀሰች ቤቷ የምትመለስ ሰው ነበረች። ትናንት ግን ነጠላዋን አስተካክላ «እንሂድ ልጄ» አለችኝ። እሷን ለዚህ ማምጣቴ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ሞንታርቦ የጫነው መኪና ሰፈራችን ሲዞር ያንኑ ቀልድ ሳምንቱን ሙሉ ሲለቅ ሰምቼ ነበር። እንዴት አልጠረጠርኩም?

የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም፣ «ሂሩት አባቷ ማን ነው»፣ የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስንት ዘመን አልፎ ለአንድ ዘበኛ የሚናገረው ሌላ ነገር ይጠፋል? አንዴ ያሳቀ ነገር ብር ስላመጣ ብቻ እስኪሰለች ይሸጥልናል።

ስወጣ ትኬት ቆራጯን «እህቴ፣ ኃላፊ ማነጋገር ይቻላል? አዲስ ብላችሁ የሸጣችሁልን ድሮ ያየነውን ነው» አልኳት። ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም።

«ስትስቅ አልነበር እንዴ?»

ይሄው ነው መልሷ። አጠገቧ የነበረው ጥበቃ ፈገግ አለ። እማዬ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ፤ እስከ ለገሃር ድረስ አንዳችንም አልተነፈስንም።

በመጀመሪያው ሳምንት አትሂዱ። ያየ ሰው ጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ አንድ ቀልድ ብቻ ደጋግመው ካሳዩ፣ ውስጥም ያለው እሱ ነው። ፊልሙ በዚህ ሳምንትም በ8፣ በ10 እና በ12 ሰዓት ይታያል። እንዳትገቡ።