ሚረር ፖርት ወይስ ታፕ? የኔትወርክ ትራፊክን ለመከታተል የትኛው ይገዛ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ኮሌጅ፣ ሆቴል ወይም ፋብሪካ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ትራፊክ ሱሪካታ ወይም ዚክ በተባሉ የትራፊክ መመርመሪያ ሶፍትዌሮች ለመከታተል ሲያስብ፣ በቅድሚያ መወሰን ያለበት የትራፊኩን ቅጂ ከየት እንደሚያገኝ ነው። ከአማራጮቹ አንዱ ሚረር ፖርት (በሌሎች ፖርቶች የሚያልፈውን ትራፊክ ቅጂ የሚያወጣ ፖርት) ያለው ስዊች መግዛት ሲሆን፣ ሌላው ታፕ (በመሥመሩ መሃል ገብቶ የሚያልፈውን ትራፊክ የሚቀዳ መሣሪያ) ገዝቶ ሁለቱን መውጫዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ማዋሃድ ነው።

ሚረር ፖርት በወጪም በአሠራርም ይቀላል፤ የሁለቱም አቅጣጫ ቅጂ በአንድ ገመድ ስለሚመጣ አንድ የኔትወርክ ካርድ ይበቃዋል። ጉድለቱ የሚታየው መሥመሩ ሲጨናነቅ ነው። ባለ 1 ጊጋቢት መሥመር በመላክም በመቀበልም ሲሞላ ድምሩ በሰከንድ 2 ጊጋቢት ስለሚደርስ፣ ያው 1 ጊጋቢት ብቻ የሚያወጣው ሚረር ፖርት የተረፈውን ይጥላል። ሆኖም የሚከታተሉት 50 ሜጋቢት የሆነ የኢንተርኔት መሥመር ከሆነ ይህ ስለማያሰጋ፣ ለአብዛኛው የደሴ መሥሪያ ቤት ከዚህ ያለፈ ወጪ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም።

ታፕ ዋጋውን የሚያወጣው በሰርቨሮች መካከል ያለውን ከባድ ትራፊክ አንድም ፓኬት (ዳታ ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል) ሳይቀር ማየት ሲያስፈልግ ነው። እያንዳንዱን አቅጣጫ ለየብቻ ስለሚያወጣ፣ ሶፍትዌሩ ጥያቄውንም መልሱንም አንድ ላይ እንዲያነብ ሁለት ፖርቶችን ማጣመር ግድ ይላል። ፍሪቢኤስዲ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ሁለቱን ብሪጅ (ፖርቶችን የሚያገናኝ የሶፍትዌር ስዊች) ውስጥ አስገብቶ «ሞኒተር» የተባለውን ምርጫ ማብራት ይበቃል፤ ፓኬቱ ከተነበበ በኋላ ይጣላል እንጂ ወደ ሌላው ፖርት አይሻገርም። ሊኑክስ ላይ ሥራው በቦንዲንግ፣ ማለትም ፖርቶችን እንደ አንድ ፖርት በማጣመር፣ ይከናወናል፤ አክቲቭ ባክአፕ የተባለው ሞድ በተጠባባቂው ፖርት የገባውን ለቦንዱ ስለማያደርስ፣ ባላንስ አርአር የተባለው ሞድ ይመረጥ። በሁለቱም ሲስተሞች ለእነዚህ ፖርቶች አይፒ አድራሻ አይሰጥም። ካርዶች ፓኬቶችን ለቅጽበት አጠራቅመው ስለሚያስረክቡ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ሊመዘገብ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ካርዶችን ከማጣመር ባለ ሁለት ፖርት አንድ ካርድ ገዝቶ የማጠራቀሚያ ጊዜውን ማሳጠር ይሻላል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አንድ ነገር ይታሰብ። የጊጋቢት መዳብ ታፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ፣ ኃይል ሲቋረጥ መሥመሩን በራሱ ቢያገናኝም በዚያች ቅጽበት ግንኙነቱ ሊበጠስ ስለሚችል ዩፒኤስ ላይ መሰካት አለበት። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር ለዘረጋ ግቢ ግን የፋይበር ታፕ ይመረጣል፤ ኃይል አይፈልግም፣ ብርሃኑን ስለሚከፋፍል ግን ርቀቱ ረጅም ከሆነ የቀረው ብርሃን ለተቀባዩ መብቃቱ ከግዢው በፊት ይለካ።