የዛቢክስ አፕግሬዳችንን ላቀደችልን ኢንጂነር ምስጋና፣ ለምትፈልጓትም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የኔትወርክ ባለሙያ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ትንሹም ትልቁም «ኢንጂነር» እያለ ስለሚጠራት እኔም እንደዚያው ልበላት። አስፈቅጃታለሁ።

ዋና መሥሪያ ቤታችን አዲስ አበባ ነው፤ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማና ድሬዳዋ ቅርንጫፎች አሉን። የሁሉንም ሮውተር፣ ስዊች፣ ሰርቨርና ዩፒኤስ የምንከታተለው በዛቢክስ፣ ማለትም በኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር ነው። የአንዱ ቅርንጫፍ መስመር ሲቋረጥ ለተረኛው ቴክኒሻን ወዲያው በቴሌግራም መልእክት ይደርሰዋል። ሲስተሙ ግን 5.0 ቨርዥን ላይ ቆይቶ ነበር። የተጫነበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሴንትኦኤስ 7፣ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2024 ወዲህ የደህንነት ማስተካከያ አይወጣለትም። ወደ 7.0 መሸጋገር ግድ ሆነ።

በመጀመሪያ ያነጋገርነው ድርጅት «ቅዳሜ ከሰዓት መጥተን እንጨርሰዋለን» አለን። ስለ ባካፕም ሆነ ስለ ቅርንጫፎቹ አንድም ጥያቄ አላነሳም። ኢንጂነር ስትመጣ የመጀመሪያ ቃሏ «ባካፑን ስጡኝ፣ ባዶ ማሽን ላይ መልሼ ልየው» የሚል ነበር። ምክንያቷንም አስረዳችን፦ አዲሱ ዛቢክስ ገና ሲነሳ የዳታቤዙን አወቃቀር በራሱ ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ 5.0 የሚመለሰው ባካፕ ያለው ብቻ ነው። ባካፑ ተመልሶ ሲሠራ በዓይኗ ሳታይ ቀን ለመቁረጥም ፈቃደኛ አልነበረችም።

ቀጥሎ የሠራችው ነገር ነው ከሁሉ በላይ የገረመኝ። የዳታቤዙን ቅጂ ወስዳ በተለየ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሙሉውን አፕግሬድ ተለማመደችው። ቅጂውን ከማስነሳቷ በፊት ማንቂያ የሚልኩትን መንገዶች በሙሉ አጠፋች፤ አለዚያ ቅጂው ራሱ ለተረኞቹ የሐሰት መልእክት ያዘንብባቸው ነበር። ሎጉ ላይ ዳታቤዙ ስንት በመቶ እንደደረሰ እየተከታተለች ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ለካች። ልምምዱ መሃል ላይ ቆመ። የዳታቤዙ ሶፍትዌር ማይኤስኪውኤል 8 ባይነሪ ሎጉን (የዳታ ለውጦች የሚመዘገቡበትን ፋይል) ከመጀመሪያው ከፍቶ ስለሚይዝ፣ አፕግሬዱ ትሪገር (ዳታ ሲለወጥ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ሊፈጥር ሲል ፈቃድ ተከለከለ። አንድ ቅንብር ለጊዜው መክፈት በቂ ነበር፤ ግን ይህ በእውነተኛው ሌሊት ቢያጋጥመን ኖሮ መልሱን ስንፈልግ ይነጋብን ነበር።

ሁለተኛው ግኝት የባሰ ነበር። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት መሣሪያዎቹን ወደ ዛቢክስ የሚያስገባ ስክሪፕት አለን። ልምምዱ ላይ መግባት አቃተው። ለካስ ስክሪፕቱ ሲገባ «ዩዘር» ብሎ የሚልከው መስክ ከ6.4 ጀምሮ ተሰርዞ «ዩዘርኔም» ብቻ ነው የሚሠራው። ስክሪፕቶቻችንን አንድ በአንድ ፈትሻ ይህን የሚጠቀሙትን በሙሉ አስተካከለችልን።

ዕቅዱን በአማርኛ ነው የጻፈችው፤ የማታ ተረኞቻችንም ሳይቸገሩ አነበቡት። አሮጌው ሰርቨር ሳይነካ ይቀመጣል። አዲሱ በኡቡንቱ 22.04 ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይዘጋጅና በመጨረሻው ሰዓት የአሮጌውን አይፒ ይወስዳል። ይህች የአይፒ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ሮውተሮቻችን ኤስኤንኤምፒ (ስለ ሁኔታቸው መረጃ የሚሰጡበት ፕሮቶኮል) የሚፈቅዱት ለዚያች አድራሻ ብቻ ነው፣ ኤጀንቶቹም (በየማሽኑ ተጭነው ለዛቢክስ መረጃ የሚሰጡት ትንንሽ ፕሮግራሞች) የሚያውቁት እሷን ነው። አይፒው ቢቀየር ኖሮ በየቅርንጫፉ ያለውን መሣሪያ ሁሉ መንካት ሊኖርብን ነው። ኤጀንቶቹን እንዳንነካ አሳሰበችን፤ አሮጌ ኤጀንት ከአዲስ ሰርቨር ጋር ይሠራል። የቅርንጫፎቹ ፕሮክሲዎች (የየቅርንጫፉን መረጃ ሰብስበው ለዋናው ሰርቨር የሚያስተላልፉት) ግን 5.0 ስለሆኑ ከ7.0 ሰርቨር ጋር አይግባቡም፣ በዚያው ሌሊት አብረው መቀየር አለባቸው። በዚህ ምክንያት የዚያ ሌሊት ግራፍ ላይ ክፍተት እንደሚኖር አስቀድማ በጽሑፍ ስላሳወቀች ሰኞ ጠዋት የደነገጠ ኃላፊ አልነበረም።

እኛ የመረጥነውን ቀን አልተቀበለችም፤ የደመወዝ ክፍያ ሳምንት ላይ ይውል ነበር። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ እንዲሆን ተስማማን። ዕቅዱ ላይ በቀይ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፦ «እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ዳታቤዙ ካላለቀ፣ ያለ ክርክር ወደ አሮጌው ሰርቨር እንመለሳለን።» ሥራ አስኪያጃችንም ፈረመበት። ከዚያ በየቅርንጫፉ «የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ሌሊት ስልኩን ያነሳል?» ብላ ራሷ ደውላ አጣራች። የጅማው ቁልፍ መስክ የወጣ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነበር። ቁልፉ ከዓርብ በፊት እንዲመለስ አስደረገች።

ሌሊቱ ያለ ጫጫታ አለፈ። ዳታቤዙ ልምምዱ ላይ በለካችው ጊዜ አካባቢ ተጠናቀቀ፣ የቀሩት ፕሮክሲዎቹ ነበሩ። የድሬዳዋው ፕሮክሲ ከርቀት አልነሳ ሲል እዚያ ያለው ልጅ ቁልፉን ይዞ በተጠንቀቅ ላይ ስለነበር ገብቶ አስነሳው። ሳይነጋ ሁሉም ቅርንጫፍ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሆነ። እሷ ግን ወዲያው አልሄደችም። አንድ የሙከራ ስዊች ነቅላ የቴሌግራም መልእክቱ ለተረኛው መድረሱን ካረጋገጠች በኋላ ነው ቦርሳዋን ያነሳችው።

ክፍያዋን በተመለከተ፣ ለዕቅዱና ለልምምዱ ለብቻ ነው የምታስከፍለው። ግዥ ክፍላችን መጀመሪያ «ሳይሠራ ለወረቀት እንዴት ይከፈላል?» ብሎ አንገራግሮ ነበር። በእኔ እምነት ከከፈልነው ገንዘብ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን ለዚያ «ወረቀት» የከፈልነው ነው። «ነገ ጨርሺልኝ» ለሚል ሰው ግን አትሆንም፤ አትቸኩልም፣ ማንም እንዲያስቸኩላትም አትፈቅድም።

ኢንጂነር፣ እጅሽ ይባረክ። ተረኞቻችንን ጎንሽ አስቀምጠሽ እያንዳንዱን እርምጃ እንዲያዩ ስላደረግሽ በተለይ አመሰግንሻለሁ፤ ቀጣዩን ትንሽ ማሻሻያ ልጆቹ ራሳቸው በዕቅድሽ መሠረት ሠርተውታል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ዛቢክስም ሆነ ሌላ የኔትወርክ መከታተያ ሲስተም አፕግሬድ ለማድረግ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የሲስተሙን ቨርዥን፣ የዳታቤዙን ዓይነትና መጠን፣ የፕሮክሲዎቹን ብዛት፣ እንዲሁም ከሲስተሙ ጋር የሚነጋገሩ ስክሪፕቶችን ዝርዝር አዘጋጁ። የመጀመሪያው ስልክ ላይ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው።