የትኛውን ልግዛ? የኸርሊንግና የጌሊክ እግር ኳስ መጻሕፍት ጎን ለጎን

ኸርሊንግን መጀመሪያ ያየ የኛ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ይሄማ የገና ጨዋታ ነው!» እውነትም ያስመስለዋል። ዱላው አለ፣ ሩሯ አለች፣ ልጊያው አለ። አየርላንዶች ግን ስለ ኸርሊንግም፣ በእጅም በእግርም ስለሚጫወቱት ስለ ራሳቸው የጌሊክ እግር ኳስም ጽፈው አይጠግቡም። መጻሕፍት መደብር ስትገቡ የስፖርቱ መደርደሪያ በተጫዋቾች ግለ ታሪክ ተጨናንቋል፣ በተለይ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ፣ ምክንያቱም አሳታሚዎቹ ለስጦታ ይሆናል ብለው ያኔ ነው የሚያወጧቸው። ሽፋኑ ላይ ያለው ሁሉ ፊቱን ኮስተር ስላደረገ አንዱን ከሌላው መለየት ይከብዳል። ከነዚህ ውስጥ ልብ የሚነኩ አሉ፣ ባይገዙ የሚሻሉም አሉ። ያነበብኳቸውን ጥንድ ጥንድ እያደረግኩ ላወዳድርላችሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እወቁ፣ አለዚያ መጽሐፎቹ አይገቧችሁም። አንደኛ፣ እነዚህ ተጫዋቾች ደሞዝ የላቸውም። ሁለቱን ጨዋታዎች የሚመራው ማኅበር በ1884 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተርልስ ከተማ ሲመሠረትም፣ ዛሬም፣ ሰዉ ባደገበት አጥቢያ ክለብ ይጫወታል፣ ከዚያ ጎበዝ ከሆነ ካውንቲውን፣ ማለትም አውራጃውን፣ ይወክላል። እሁድ ደብሊን ባለው ትልቁ ስታዲየም፣ ክሮክ ፓርክ ውስጥ፣ 82 ሺህ ሰው ፊት የተጫወተ አስተማሪ ሰኞ ክፍል ይገባል። ግለ ታሪኮቹ ከፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች መጽሐፍ የሚለዩት በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ውጤቱ። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች 1 ነጥብ፣ መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ሆና 3 ነጥብ ናት። ስለዚህ 1-15 ማለት 18 ነው። (ከ2025 ወዲህ በእግር ኳሱ ከሩቅ ተመትታ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ኳስ 2 ነጥብ ታሰጣለች፤ እዚህ የማነሳቸው መጻሕፍት ግን ሁሉም ከዚያ በፊት የወጡ ናቸው።)

ስለ ጨዋታው ምንም ለማያውቅ ሰው ከአንድ ደራሲ ሁለት መጻሕፍት ላቅርብ፣ ማይክል ፎሊ ይባላል። አንዱ «ኪንግስ ኦፍ ሴፕቴምበር» ነው፣ በ2007 የወጣ። ታሪኩ የ1982 የጌሊክ እግር ኳስ ፍጻሜ ነው። የኬሪ ካውንቲ ቡድን ከ1978 እስከ 1981 አራት ዓመት ተከታትሎ ዋንጫ ወስዷል፣ አምስተኛውን ሊደግም ነው፣ እስከዚያ ድረስ አምስት ተከታታይ የወሰደ ቡድን የለም። ተጋጣሚው ኦፋሊ የምትባል ትንሽ ካውንቲ ናት። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ተቀይሮ የገባው ሼመስ ዳርቢ ጎል አገባ። 1-15 ለ 0-17። በአንድ ነጥብ! ዳርቢ ኳሷን ሲይዝ ተከላካዩን ገፍቶታል፣ አልገፋውም እየተባለ ዛሬም ይከራከራሉ። መጽሐፉን ያሳደገው ግን ጎሏ አይደለችም። ሁለቱ ቡድኖች እንዴት እንደተሠሩ፣ አሠልጣኞቹ ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ፣ ከዚያም ያቺ ጎል ያገባትንም የተቆጠረባቸውንም ሰዎች ሕይወት ምን እንዳደረገችው ይነግራችኋል። ጨዋታውን አንድ ቀን አይታችሁ ባታውቁ እንኳ ልባችሁ ይንጠለጠላል።

ሌላው በ2014 የወጣው «ዘ ብለዲድ ፊልድ» ነው። ይሄ ስፖርት ብቻ አይደለም። እሁድ ኖቬምበር 21 ቀን 1920 ጠዋት ለአየርላንድ ነፃነት ይዋጉ የነበሩት የማይክል ኮሊንስ ሰዎች ደብሊን ውስጥ የእንግሊዝ ሰላዮችን ገደሉ። ከሰዓት በኋላ ደብሊንና ቲፐራሪ ክሮክ ፓርክ ሲጫወቱ የእንግሊዝ መንግሥት ኃይሎች ገብተው ተመልካቹ ላይ ተኮሱ። ተኩሱ የቆየው 90 ሰከንድ ያህል ነው። 14 ሰው ሞተ። ከነሱ አንዱ የቲፐራሪው ተጫዋች ማይክል ሆጋን ነው፣ ዛሬ የስታዲየሙ አንዱ ወገን በስሙ ይጠራል። የ10 እና የ11 ዓመት ልጆችም አሉ። ፎሊ ሟቾቹን በየስማቸው ፈልጎ፣ ከቤታቸው እስከ ሜዳው ተከትሎ ጽፏል። ከ14ቱ 8ቱ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀብረው ስለነበር ማኅበሩ በኋላ ሐውልት እንዲቆምላቸው አድርጓል። የትኛው ይሻላል ካላችሁ፣ ታሪክ የምትወዱ ሁለተኛውን፣ ጨዋታ የምትወዱ የመጀመሪያውን ውሰዱ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን እኔ «ኪንግስ ኦፍ ሴፕቴምበር»ን ነው የምለው። እንግሊዝኛው ይቀላል፣ የስም ብዛቱም አያደናግርም።

አሁን ወደ ግለ ታሪኮቹ። ሁለቱ ስለ ሱስ ናቸው፣ ግን ከተለያየ በር ነው የሚገቡት።

ፊሊ ማክማን የደብሊን የጌሊክ እግር ኳስ ቡድን ተከላካይ ነበር። ያደገው ባሊመን ነው፣ ድሮ ረጃጅም ፎቆች የነበሩበት፣ ሄሮይን ብዙ ቤት ያፈረሰበት ሰፈር። «ዘ ቾይስ» በ2017 ወጣ። ታላቅ ወንድሙ ጆን በሄሮይን ሱስ ተይዞ ቆይቶ በ2012 አረፈ። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ቤት፣ አንድ መንገድ፣ አንዱ ክሮክ ፓርክ ገባ፣ ሌላው አልተመለሰም። ፊሊ ወንድሙን ቅዱስ አያደርገውም፣ አያዋርደውምም። ለብዙ ዓመት እንዴት እንዳፈረበትና በኋላ ያ ማፈሩ እንዴት እንደጸጸተው ሳይሸፋፍን ይናገራል። እኔን አቁሞ ያስተነፈሰኝ ይሄ ነው። ስለ ጨዋታው ያለው ክፍል ደህና ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ኦሽን ማክኮንቪል ደግሞ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ፣ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ድንበር አጠገብ ካለችው ክሮስማግሌን ነው፣ የእንግሊዝ ጦር የክለባቸውን ሜዳ ከፊሉን ይዞባቸው በነበረበት ዘመን ያደገ። «ዘ ጋምብለር» የወጣው በ2007 ነው። በ2002 ፍጻሜ ከእረፍት በፊት ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ከእረፍት በኋላ ጎል አገባ፣ የሱ ካውንቲ አርማ ኬሪን 1-12 ለ 0-14 አሸንፎ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ። ሕዝቡ ጀግና ብሎ ሲሸከመው እሱ ውስጥ ውስጡን በቁማር አልቋል። ብድር፣ ውሸት፣ ደግሞ ብድር። በኋላ ሕክምና ገባ፣ ቆይቶም ራሱ የሱስ አማካሪ ሆነ። አጻጻፉ እንደ «ዘ ቾይስ» የተስተካከለ አይደለም፣ አንዳንዱ ምዕራፍ ይቸኩላል። ግን ዛሬ አዲስ አበባም ቢሆን በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤት ሞልቷል። ወንድሙ ወይ ጓደኛው ውርርድ ውስጥ ገብቶበት ምን እንደሚያስብ ያልገባው ሰው ይህን ይግዛ፣ ቁማርተኛው ራሱን እንዴት እንደሚያታልል ከውስጥ ሆኖ ያሳየዋል። ሱሰኛ ዘመድ አጥቶ ሐዘኑ ያልወጣለት ሰው ደግሞ «ዘ ቾይስ»ን።

የሄንሪ ሸፍሊንንና የጂም ማክጊነስን መጻሕፍት ማወዳደር ይቀለኛል፣ ሁለቱም በ2015 ስለወጡ። ሸፍሊን ከኪልኬኒ ካውንቲ ቡድን ጋር ሜዳ ገብቶ 10 የአየርላንድ ዋንጫ የወሰደ የኸርሊንግ ንጉሥ ነው። ኪልኬኒ ለአምስተኛ ተከታታይ ዋንጫ በተጫወተበት የ2010 ፍጻሜ የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ እያለ ገብቶ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ሲወጣ የሚያሳየው ክፍል ያማል። ሌላው ግን ጥንቁቅ ነው። ሰው ላለማስቀየም ይጠነቀቃል፣ ስለ አሠልጣኙ ስለ ብራያን ኮዲ ልታውቁ የምትፈልጉትን ያህል አይነግራችሁም። ለኪልኬኒ ደጋፊ እንጂ ለአዲስ አንባቢ አልመክረውም።

የማክጊነስ «አንቲል ቪክትሪ ኦልዌይስ» ፍጹም ሌላ ነው። የዶኔጋል ካውንቲን የጌሊክ እግር ኳስ ቡድን በ2012 ለዋንጫ ያበቃው አሠልጣኝ ነው፣ በመከላከል አጨዋወቱ ግማሹ አገር የሰደበው። ሁለት ወንድሞቹን አጥቷል፣ አንዱን ገና ታዳጊ ሳለ በልብ ሕመም፣ ሌላውን በመኪና አደጋ። መጽሐፉ ውስጥ ሐዘኑና አሠልጣኝነቱ አይነጣጠሉም። ተጫዋቾቹ ለምን እንደዚያ እንደተከተሉት ስታነቡት ይገባችኋል። ሰው የምታስተዳድሩ፣ ወይ የሰፈር ቡድን የምታሠለጥኑ ከሆነ ከዚህ አትለፉ።

አብዛኞቹን ግለ ታሪኮች ጋዜጠኛ ነው የሚጽፈው፣ ተጫዋቹ ያወራል። ሊያም ሄይስ ግን ራሱ ጋዜጠኛ ስለነበር የራሱን በራሱ ጻፈው። «አውት ኦፍ አወር ስኪንስ» በ1992 የወጣ ነው፣ እሱም በ1987 እና በ1988 የጌሊክ እግር ኳስ ዋንጫ የወሰደው የሚዝ ካውንቲ ቡድን ተጫዋች። ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ አሠልጣኙ፣ ራሱን ስላጠፋው ወንድሙ በዚያ ዘመን ማንም ባልደፈረው ግልጽነት ጽፏል። ከግለ ታሪኮቹ ሁሉ ለእኔ አንደኛው ይሄ ነው። ችግሩ፣ በዚያ ዘመን የነበሩ ተጫዋቾችን ካላወቃችሁ መሀል ላይ ትጠፋላችሁ። ስለዚህ ሦስተኛ ወይ አራተኛ መጽሐፋችሁ ይሁን።

ግለ ታሪክ የሰለቸው ሰው የዴኒስ ዋልሽን «ኸርሊንግ፦ ዘ ሬቮሉሽን ይርስ» ይሞክር። ክሌር ከ1914 ወዲህ በ1995፣ ዌክስፎርድ ከ1968 ወዲህ በ1996 ዋንጫ ያገኙበትን ዘመን ነው የሚተርከው። ዱላውንና ሩሯን ለሚወድ ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ የኮራ ስታንተንን «ጌም ቼንጀር» ግዙላት። በ2018 የወጣ ነው። ኮራ በ13 ዓመቷ ለሜዮ ዋናው የሴቶች ቡድን ተሰልፋለች፣ በ16 ዓመቷ እናቷን በካንሰር አጣች፣ አራት የአየርላንድ ዋንጫ ወስዳለች፣ በኋላም አውስትራሊያ ሄዳ በእነሱ እግር ኳስ በባለሙያነት ተጫውታለች። ስለ ስሜቷ ቶሎ አትከፈትም፣ መጀመሪያው ትንሽ ይቀዘቅዛል። ስለ እናቷ የምትጽፈው ጋ ስትደርሱ ግን ለምን ዝም ትል እንደነበር ይገባችኋል።

አየርላንድ ያላችሁ፣ ለመግዛት አትቸኩሉ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አባልነት በነፃ ነው፣ የዘገየ መጽሐፍ ቅጣትም ከ2019 ጀምሮ ቀርቷል። ሰፈራችሁ ያለው ቅርንጫፍ መጽሐፉ ከሌለው ከሌላ ካውንቲ አስመጥቶ ይሰጣችኋል። የሸፍሊንን መጀመሪያ ከዚያ ተዋሱት። የሄይስን ግን ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ፈልጉ፣ በ2010 እንደገና ስለታተመ አንዳንዴ ይገኛል።