ጋራዡ፣ ጓሮው ወይስ የቤቱ አንድ ክፍል? ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤዲዩ ለምታስቡ

እማማ ከአገር ቤት ሊመጡ ነው፤ ወይም ሞርጌጁን የሚደግፍ ተከራይ ተፈልጓል። ሎስ አንጀለስም ሆነ ኦክላንድ፣ ቤት የገዛ ሐበሻ ዘንድ የኤዲዩ (በነባሩ ቤት ወይም ግቢ ውስጥ የሚሠራ ተጨማሪ መኖሪያ) ወሬ የሚነሳው በአብዛኛው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ምርጫውም በዚሁ ይለያያል።

ጋራዡን መቀየር ብዙ ጊዜ ከጓሮ ቤት ይረክሳል፤ ግድግዳና ጣሪያው ቆሟላ። ከአጥር አልራቀም ተብሎ አይከለከልም፤ ከተማውም በምትኩ ሌላ የመኪና ማቆሚያ ሥሩ ብሎ አያስገድድም። ወጪው ግን ከሥር ይመጣል። የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ በሩ ያዘነበለ ነው፤ የድሮ ከሆነ እርጥበት መከላከያም ላይኖረው ይችላል። ትልቁ በር ሲነሳ እዚያ የሚቆመው ግድግዳ መሠረት ይፈልጋል። ኮንትራክተሩ እነዚህን በዋጋው ውስጥ ማስገባቱን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

ለኪራይ ከሆነ፣ አቅም ካለ፣ እኔ ጓሮ ውስጥ ለብቻው የሚቆመውን እመርጣለሁ። ተከራይም ባለቤትም ነፃነት አላቸው። የግዛቱ ሕግ እስከ 800 ስኩዌር ፊት (74 ካሬ ሜትር ገደማ) የሆነ ቤት ከጎንና ከኋላ አጥር 4 ጫማ ብቻ ርቆ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ከ750 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነ ደግሞ ከተማው የኢምፓክት ክፍያ (አዲስ ግንባታ ለመንገድ፣ ለፓርክና ለመሳሰሉት የሚከፍለው) አይጠይቅም። በሌላ በኩል አዲስ ግንባታ ስለሆነ በአብዛኛው ሶላር ይጠየቃል። ጓሮው ከፍሳሽ መስመሩ ዝቅ ካለም ፓምፕ ሊያስፈልግ ነው፤ ፕላን ከማሠራታችሁ በፊት ይህን አስለኩ።

ለእናት ግን? ጁኒየር የሚባለውን አስቀድማለሁ። እዚያው ቤት ውስጥ እስከ 500 ስኩዌር ፊት ተከፍሎ፣ የራሱ መግቢያና ትንሽ ኩሽና ይሠራለታል። መታጠቢያውን ከዋናው ቤት ጋር መጋራት ይቻላል። ሌሊት ቢያማቸው ጥሪያቸው ይሰማል። በክረምት ዝናብ ጓሮ ማቋረጥም የለም።

ብዙ ሰው የሚፈራው የንብረት ግብር ነው። የሚገመተው አዲሱ ሥራ ብቻ ነው፤ የነባሩ ቤት ግምት በዚህ ምክንያት አይነሳም።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ለምጣዱ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘርጋለት። ከማይክሮዌቭ ጋር አንድ መስመር ላይ ከሆነ ቆጣሪ ይጥላል። የእንፋሎት መሳቢያውም አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሁን። ሁለቱም ፕላኑ ላይ ይግቡ፤ ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ መስመር መጨመር እንደገና ማፍረስ ነው።