ዊንዶውስ 10 ላይ ለቀራችሁ፦ 11 ይሻላል፣ አንድ ዓመት ማራዘም ወይስ ሊነክስ?

አራት ኪሎ ጎረቤቴ የሆኑት ጋሼ ባለፈው እሁድ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ዊንዶውስህ አብቅቷል ይለኛል። ምኑ ነው ያበቃው? ይኸው ይሠራል!" እውነታቸውን ነው፣ ይሠራል። ያበቃው ድጋፉ ነው። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይልከው የነበረውን የደህንነት አፕዴት አቁሟል። ማሽኑ ነገም ይነሳል፣ ወርድም ይከፈታል፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ግን የሚደፍነው የለም። በላፕቶፑ ባንክ ለሚገባ፣ ፍላሹን ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሌላው ለሚያዞር ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ከምንም በፊት የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክል) እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ እዚህ አገር ያለውን ላፕቶፕ የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ኮር አይ ፋይቭ 6300 የሚል ካያችሁ 6ኛ ነው፣ 8350 ካለ 8ኛ ነው፣ 10210 ካለ 10ኛ።

የጋሼ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው። 6300፣ ወደቀ። የእህቴ 840 ጂ5 ሲሆን 8350 ይላል፣ አለፈ። ዩዝድ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ "ጂ5 ነው" ስላላችሁ ብቻ አትክፈሉ፤ ጂ5 ሆኖ ሆዱ ውስጥ 7ኛ ጄኔሬሽን የያዘም አለ። አስከፍታችሁ ቁጥሩን በዓይናችሁ አንብቡ። ዘንድሮ ከ8ኛ በታች የሆነ ማሽን በርካሽ ሲቀርብላችሁ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይሄው ነው።

ማሽናችሁ ካለፈ ብዙ አታስቡ፣ ወደ 11 ውጡ። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለው በነፃ ነው፤ ከላዩ ላይ ስለሚጫንም ፋይሉም ፕሮግራሙም ባለበት ይቀራል። እህቴ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ከሌለ ሥራ የለም፣ ፒችትሪ ደግሞ የሚፈልገው ዊንዶውስ ነው፣ ስለዚህ ለእሷ ሌላ አማራጭ ማንሳቱም ትርፍ ወሬ ነው። ቼክ ስታደርጉ ቲፒኤም የለም ካላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በ4 ጊጋ ራምና በድሮው ሃርድ ዲስክ 11ን መጫን ግን ራስን መቅጣት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገባለሁ፣ ከዚያ ራሙን 8 አደርሳለሁ፣ ስለ ዊንዶውስ የማወራው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። አንዴ ላፕቶፔን ለአንድ ባለሙያ ሰጠሁት። "ዲ ድራይቭ ላይ ያለው አይነካም፣ አታስብ" አለኝ። ማታ ስወስደው ሲ ድራይቩም ዲ ድራይቩም አንድ ሆነዋል፤ የሦስት ዓመት ፎቶና ደረሰኝ ድራሹ ጠፋ። ይባስ ብሎ ክራክ የሆነ ዊንዶውስ ጭኖበታል። ከውጭ የሚገቡት የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የዊንዶውስ 10 ፕሮ ፈቃድ ማዘርቦርዳቸው ላይ አብሯቸው ይመጣል፣ ያንኑ ፕሮውን ስትጭኑት ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል፤ ያለኝን ሕጋዊ ነገር አንስቶ ነው የተሰረቀ የጫነልኝ። ስለዚህ ባክአፑን በራሳችሁ እጅ፣ በራሳችሁ ኤክስተርናል ላይ አድርጉ። ሱቅ የሚወሰደው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑ ለወደቀባቸው፣ እንደ ጋሼ ላሉት፣ የቀረው ወይ የዊንዶውስ 10ን አፕዴት ማራዘም፣ ወይ ሊነክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሌላ ሲስተም)፣ ወይ ሱቆቹ "11 በግድ እንጭንልሃለን" የሚሉት ነው። የመጨረሻውን ቶሎ ልለፈው። ይጫናል፣ ይሠራልም፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን አፕዴት እልካለሁ ብሎ ቃል አይገባም፣ ትልልቁ አዲስ ስሪት ሲወጣም እንደገና በእጅ መጫን ይመጣል። ለመዝናኛ ማሽን ይሁን። እንጀራ ለሚበላበት ማሽን አልመክርም።

ማራዘሙ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ የደህንነት አፕዴቱን ብቻ ማግኘት ነው። 30 ዶላር ይጠየቃል፣ ግን ዶላሩን በኦንላይን መክፈል ለእኛ ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደግነቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ባክአፕ ካደረጋችሁ፣ ወይም ማይክሮሶፍት ለተጠቃሚዎቹ ከሚሰጠው የሪዋርድስ ነጥብ 1000 ካላችሁ፣ ሳትከፍሉ መግባት ይቻላል። ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ስሪት፣ 22ኤች2 የሚባለው፣ ላይ መሆን አለበት። የመመዝገቢያው ቁልፍ ያለው እዚያው አፕዴት የምታዩበት ገጽ ላይ ነው።

ሊነክስ ካላችሁ ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነውን ሚንትን ሞክሩ፤ መልኩ ዊንዶውስን ለለመደ ሰው አይከብድም። 2 ጊጋ ራም ላይም ይነሳል፣ ሚንት 22 እስከ 2029 በፈረንጆቹ አፕዴት አለው፣ ነፃ ነው፣ ክራክ የሚባል ነገር የለም። ከሁሉ የወደድኩለት ሳይጫን ከፍላሽ ላይ መሞከሩ ነው። የአማርኛ ኪቦርድም አለው። የወርድ ፋይል አብሮት በሚመጣው የጽሑፍ ፕሮግራም በሊብሬኦፊስ ይከፈታል፣ ሠንጠረዥ የበዛበት ደብዳቤ ግን አንዳንዴ ይንሻፈፋል።

ለጋሼ ከፍላሽ አስነሳሁላቸው። ዜና አነበቡ፣ ዩቲዩብ ከፈቱ፣ ፍጥነቱ ገረማቸው። "ካርታዋስ የት አለች?" አሉ። ሶሊቴር ማለታቸው ነው። እሷም ትወርዳለች፣ አልኳቸው። ከዚያ የዕድሩን ቃለ ጉባኤ ከፈትን። የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው፣ የአሥራ ምናምን ዓመቱን ሁሉ የጻፉት ዩኒኮድ (ፊደሉን በየትኛውም ማሽን ላይ እኩል የሚያሳየው አሠራር) ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው። ፎንቱ ሚንት ላይ የለም፣ ስለዚህ ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ወጣ። ፎንቱን ገልብጦ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት። "ይሄማ የሙት መንፈስ ጽሑፍ ነው፣ ዝጋው" አሉኝ።

ለእሳቸው ማራዘሙን መረጥን። አካውንት ከፍተን ለመመዝገብ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ አሥራ አምስቱ ፓስወርድ ሲመርጡ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ኤስኤስዲ ልናስገባ ሜክሲኮ እንሄዳለን፤ ማሽን ሲቀይሩም አውጥተው ይዘውት ይሄዳሉ። የእህቴን ዊንዶውስ 11 ቅዳሜ ቢሮዋ እናወርዳለን፣ ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አይታሰብም። መብራት ቢሄድ እንዳያቋርጠን ባትሪው መቶ ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ነው የምንጀምረው።