ወንፊት፣ መስታወት ወይስ ድብልቅ፤ ለቤት እስስት የሚሆን ማደሪያ ንጽጽር

ለእስስት ማደሪያ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ከሱቁ መደርደሪያ ነው፤ የትኛው ያምራል፣ የትኛው ይረክሳል፣ የትኛውስ በሳሎን ጥግ ይገባል እያለ ያወዳድራል። እኔ ግን ምርጫው መጀመር ያለበት ማደሪያው ከሚቀመጥበት ክፍል አየር ነው እላለሁ። አንድ ዓይነት ሣጥን በሚኒያፖሊስ ክረምት፣ በዱባይ የማቀዝቀዣ አየር ውስጥና በአዲስ አበባ የበጋ ሌሊት ፍጹም የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ ማደሪያውን ከመግዛትዎ በፊት ርካሽ የሆነ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ገዝተው በክፍሉ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡ፤ የቀኑንና የሌሊቱንም ቁጥር ለይተው ይመዝግቡ። ከዚህ በታች የማቀርበው ንጽጽር በሙሉ የሚያያዘው ከእነዚያ ቁጥሮች ጋር ነው።

ለንጽጽሩ መለኪያ አድርጌ የወሰድኩት የየመን እስስትን ነው። ይህ ዝርያ በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚኖር፣ በራሱ ላይ እንደ ቆብ የቆመ አጥንት ያለው፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶችም በብዛት የሚረባ እስስት ነው። ወንዱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የማዳጋስካሩ ፓንተር እስስትም በአብዛኛው ተመሳሳይ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ባለ ሦስት ቀንዱ የጃክሰን እስስት ግን የኬንያና የታንዛንያ ደጋ ተወላጅ በመሆኑ ቀዝቀዝ ያለና እርጥበት የበዛበት አየር ይሻል። ለአዋቂ የየመን ወንድ ከ60 በ60 በ120 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ማደሪያ አይግዙ፤ ለሴቷ 45 በ45 በ90 ሊበቃት ይችላል፤ ቦታ ካለ ግን ለእርሷም ትልቁን መግዛት ይሻላል። ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም እስስት ደኅንነት የሚሰማው ከሚመለከተው ሰው ዓይን ከፍ ብሎ በቅጠል መካከል ሲቀመጥ ነው። ማደሪያውም ራሱ ወለል ላይ ሳይሆን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ እንስሳው በእጅጉ ይረጋጋል።

የንጽጽሩ ዋና ችግር የሚመነጨው እስስት የሚፈልጋቸው ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ በመሆናቸው ነው። በአንድ በኩል ሳንባው የታመቀና የረጋ አየር አይችልም፤ በሌላ በኩል በሌሊት ጤዛና ጭጋግ የበዛበትን አየር እየሳበ ከሰውነቱ የወጣውን ውሃ መተካት ይኖርበታል። ለየመን እስስት ቀን ላይ ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ ሌሊት ደግሞ ከ75 በመቶ በላይ የሆነ እርጥበት ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሌሊቱ እርጥበት ከቅዝቃዜ ጋር አብሮ መምጣት አለበት። ሙቀትና ርጥበት በረጋ አየር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲገናኙ ለባክቴሪያና ለሻጋታ ይመቻሉ፣ የመተንፈሻ አካል ሕመምም ይከተላል። እንግዲህ እያንዳንዱን ማደሪያ መመዘን ያለብን አየር ምን ያህል ያሳልፋል፣ እርጥበትስ ምን ያህል ይይዛል በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ነው።

የወንፊት ቤት

በአራቱም ጎንና በጣሪያው የሽቦ ወንፊት የተወጠረበት ማደሪያ ለረጅም ዘመን የእስስት ትክክለኛ ቤት ተብሎ ሲመከር ቆይቷል፤ ምክሩም መሠረት አለው። አየር እንደ ልብ ይገባል ይወጣል፣ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ በሞቃት ቀን ወደ በረንዳ ሊያወጣው ይችላል፣ ዋጋውም ተመሳሳይ መጠን ካለው መስታወት በግልጽ ያነሰ ነው። ዙ ሜድ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ሬፕቲብሪዝ የተሰኘው የወንፊት ቤት ትልቁ መጠን ከላይ ከጠቀስኩት ልክ ጋር የሚስማማ በመሆኑ ብዙዎች የሚጀምሩት በእርሱ ነው።

ድክመቱ እርጥበትንም ሙቀትንም አለመያዙ ነው። የክፍሉ አየር ምን እንደሆነ የማደሪያውም አየር ያው ነው፤ የረጩት ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይተንና ሳሎኑን እንጂ እስስቱን አያረጥብም። በብርድ አገር ይህ ይከፋል፤ ቀዝቃዛ የውጭ አየር የሚይዘው ውኃ ትንሽ ስለሆነ ቤት ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሙሉ የወንፊት ቤት ማስቀመጥ እንስሳውን ሌሊቱን ሙሉ ማድረቅ ነው።

ወንፊቱ ከምን እንደተሠራም ይመርምሩ። ለስላሳውን የጨርቅ መሰል ወንፊት ለእስስቱ ምግብ የሚሰጠው ፌንጣ ይበላዋል፣ የእስስቱም ጥፍር ይያዝበታል። የአሉሚኒየም ወንፊት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳው የጥፍሩን ጫፍ የሚያስገባ ከሆነ እስስቱ ተንጠልጥሎ ሲታገል ጥፍሩን ከሥሩ ሊነቅለው ይችላል። ከገዙ በኋላ ጠርዙን ሁሉ በጣትዎ ይዳስሱ፣ የሚዋጋ የሽቦ ጫፍ ካገኙም ከእንስሳው በፊት ያስወግዱት። የወንፊት ጣሪያ ከላይ ከተቀመጠው መብራት የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረርም በከፊል ይቀንሳል፤ እንደ ሽቦው ውፍረት ሲሶ ያህሉን ሊያስቀር ይችላልና የመብራቱን ርቀት ሲወስኑ ይህን ያስቡ።

የመስታወት ሣጥን

መስታወትን ለእስስት ፈጽሞ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ እኔም በአንድ ወቅት እንደዚያ እል ነበር። የመጀመሪያ እስስቴን የያዝኩት አንድ ሱቅ «ይበቃዋል» ብሎ በሸጠልኝ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ነበር፤ አየር የሚገባው በክዳኑ በኩል ብቻ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መተንፈስ ጀመረ፤ የእንስሳት ሐኪሙ የሳንባ ኢንፌክሽን መሆኑን ነገረኝ። ጥፋቱ የመስታወቱ ሳይሆን የአየሩ መታፈን መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ለተሳቢ እንስሳት ታስበው የተሠሩ የመስታወት ሣጥኖች፣ ለምሳሌ ኤክሶ ቴራ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው፣ ከፊት በሮቹ በታች የአየር ማስገቢያ መስመር፣ ከላይ ደግሞ የወንፊት ጣሪያ አላቸው። መብራቱ ከላይ ያለውን አየር ሲያሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ በምትኩም ቀዝቃዛ አየር ከታች ይሳባል፤ ልክ የጭስ መውጫ እንደሚሠራው ነው። ይህ ዝውውር እስካለ ድረስ መስታወት ለቀዝቃዛና ለደረቅ ቤት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ርጭቱ ሰዓታት ይቆያል፣ ሙቀቱም በቶሎ አይወርድም። ከታች ማስገቢያ የሌለውን ግን፣ በነጻ ቢሰጥዎ እንኳ፣ አይቀበሉ።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ክብደቱ ነው፤ ትልቁን ሣጥን ሁለት ሰው መሸከም አለበት፣ የሚያርፍበትም ጠረጴዛ ጽኑ መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛው ነጸብራቁ ነው፤ እስስት ብቸኛ እንስሳ ስለሆነ በመስታወቱ ላይ የራሱን ምስል ሲያይ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ይጠቁራል፣ ጎኑንም ይነፋል፤ ይህ በየቀኑ ከተደጋገመ ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ሦስቱን ጎኖች ከውጭ በኩል መሸፈን ይገባል። ሦስተኛውና አደገኛው ፀሐይ ነው። የመስታወት ሣጥን ቀጥተኛ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ውስጡ በአጭር ጊዜ እንደ ምድጃ ይሞቃል፣ እንስሳውም ይሞታል። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ደግሞ መስታወቱ ለአጥንቱ አስፈላጊ የሆነውን ዩቪቢ የተባለ የአልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚያስቀረው መብራቱን አይተካም።

ድብልቁ

ከፊትና ከላይ ወንፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች ደግሞ ፒቪሲ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ወይም ግልጽ ፕላስቲክ የሆነው ማደሪያ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው፤ በብርድ አገር ለሚኖር ሰው የምመርጠውም ይህንኑ ነው። አየሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሌሊቱ ርጥበትም በሣጥኑ ውስጥ ይቆያል፤ ጠጣሩ ግድግዳ በተለይ ሁለት እስስት በአንድ ክፍል ላላቸው ሰዎች እንስሳቱ እንዳይተያዩ ያደርጋል። ሁለት እስስት በአንድ ማደሪያ ውስጥ፣ ወንድና ሴትም ቢሆኑ፣ በቋሚነት አይቀመጡም።

ተሠርቶ የሚሸጠው ድብልቅ ከወንፊቱ ይወደዳል። የወንፊት ቤት አስቀድመው የገዙ ሰዎች ግን መጣል የለባቸውም፤ ሦስቱን ጎኖች ከውጭ በኩል ግልጽ ፕላስቲክ ወይም የሻወር መጋረጃ በማልበስ ወደ ድብልቅ ሊለውጡት ይችላሉ። ይህ መፍትሔ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በብርድ ወራት ይለበሳል፣ በሙቀት ወራት ይወለቃል። ፕላስቲኩ ከመብራቱ ርቆ መታሰሩን ብቻ ያረጋግጡ።

ለሁሉም የሚያስፈልገው

የትኛውንም ቢገዙ መብራቱ ከማደሪያው ውጭ መሆን አለበት። እስስት ቆዳው እየተቃጠለ ከሙቀት ምንጭ በቶሎ የማይሸሽ እንስሳ ነው፤ በውስጥ የተሰቀለ አምፖል ወይም የሚሞቅ ድንጋይ ከባድ ቁስል ያደርስበታል። ከፍተኛው ቅርንጫፍ ከጣሪያው ወንፊት ቢያንስ በ20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ሲለኩም የራሱን ቆብ ቁመት ጨምረው ያስቡ። በዚያ ቦታ ለወንድ የየመን እስስት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለሴቷ ወደ 27 ዲግሪ ይበቃል። የታችኛው ክፍል ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት፣ እንስሳው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ ሙቀቱን ራሱ ይመርጣልና።

ለዩቪቢ ቲ5 የሚባለውን ረጅምና ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ይግዙ፤ የአርካዲያ ኩባንያ ባለ 6 በመቶውም ሆነ የዙ ሜድ ባለ 5.0ው (ቁጥሮቹ የጨረሩን ጥንካሬ ያመለክታሉ) ለዚህ መጠን ይሆናል። ጨረሩን የሚሰጡት በጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ የተጠማዘዙትን ትንንሽ አምፖሎች አልመክርም። ቱቦው ብርሃን መስጠቱን ሳያቆም ጨረሩ ስለሚደክም በየ12 ወሩ መለወጥ አለበት። በቂ ዩቪቢና ካልሲየም ያጣ እስስት አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጣመማል፣ ምላሱንም መወርወር ያቅተዋል። ብዙ ገዢዎች ገንዘባቸውን በሣጥኑ ላይ ጨርሰው በመብራቱ ሲቆጥቡ አያለሁ፤ የሚያሳዝነኝ ስሕተት ይህ ነው።

እስስት ከሳህን ውኃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ የሚጠጣው ከቅጠል የሚንጠባጠበውን ነው። ስለዚህ የሚንጠባጠብ ዕቃ ወይም በሰዓት የሚሠራ የርጭት ማሽን ያስፈልጋል፤ የተረፈው ውሃ የሚወርድበት ማስወገጃ በወለሉ ላይ መኖሩን ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። በወንፊት ቤት ይህ በትሪ ይፈታል፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን ውሃው የሚሄድበት ስለሌለው ከታች ጠጠር፣ ከላዩ አፈርና ተክል ማድረግ ይገባል። ፖቶስ፣ ሼፍለራና ሂቢስከስ የተለመዱ ተክሎች ናቸው። የየመን እስስት ቅጠልም ስለሚበላ በፀረ ተባይ የተረጨ ተክል አያስገቡ፣ አዲስ ተክልም ሲገዙ ቅጠሉን አጥበው አፈሩን ይለውጡ።

ሴት የሚይዙ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የየመን ሴት ወንድ ባታገኝም እንቁላል ትጥላለች፤ የምትቆፍርበት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ ካላገኘች እንቁላሉን በሆዷ ይዛ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ በሩ ይህን መያዣ ለማስገባት የሚበቃ ስፋት እንዳለው አስቀድመው ይለኩ።

በየአገሩ የትኛው?

በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ ወይም በስካንዲኔቪያ ላላችሁ ድብልቁ ወይም የታች አየር ያለው መስታወት ይሻላል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በጋው ወበቅ፣ ክረምቱ ደረቅ ስለሆነ ፕላስቲኩ የሚወልቀው ወንፊት ተስማሚ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የማቀዝቀዣው አየር በቀጥታ የማይነፍስበትን ጥግ ይምረጡ፤ አየሩን ሌት ተቀን ስለሚያደርቀው እዚያም ሙሉ ወንፊት ብዙ ርጭት ይጠይቃል። በእስራኤል በዱር የሚገኘው እስስት በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከአጥር ላይ ተነሥቶ ወደ ቤት አይገባም፤ ሌላ ዝርያ የሚፈልግም የፈቃዱን ጉዳይ ከሣጥኑ ያስቀድማል።

በኢትዮጵያ ደግሞ በአዲስ አበባ አጥሮች ላይ የምናየው የደጋ እስስት በራሱ ቁጥቋጦ ላይ ቢቀር ይሻላል፤ የቤት አየር ከተወለደበት ብርድና ፀሐይ ጋር አይመሳሰልም። ልጅ ሳለሁ መርዛም ነው ተብሎ በድንጋይ ሲወገር አይቻለሁ፤ መርዝ ግን የለውም። በዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ስር ያለ እንስሳ ስለሆነ ከአገር ይዞ መውጣትም ሆነ ከዱር የተያዘ መግዛት አይገባም፤ በቤት የተራባውን ይጠይቁ።

ማደሪያው ተገጥሞ፣ ተክሉ ተተክሎ፣ መብራቱና ርጭቱ በሰዓታቸው መሥራት ሲጀምሩ እስስቱን ወዲያው አያምጡት። ባዶውን ሳምንት ያሠሩትና ሁለት ቁጥሮችን ያንብቡ፤ አንዱ ቀትር ላይ በከፍተኛው ቅርንጫፍ ያለው ሙቀት፣ ሁለተኛው ጎሕ ከመቅደዱ በፊት በመካከለኛው ቅጠል ላይ ያለው እርጥበት ነው። ቀትሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ አምፖሉን ከፍ ያድርጉ ወይም በዋት ያነሰ ይግጠሙ። የንጋቱ እርጥበት ከ75 በመቶ በታች ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጎን ይሸፍኑ፤ በተቃራኒው ቅጠሉ ረፋድ ድረስ ካልደረቀ አንዱን ጎን ይክፈቱ።