ካርቡሬተር ከመፍታታቸው በፊት ቤንዚኑን ለሚመረምሩት የቼይንሶ መካኒካችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ዛፍ በመቁረጥና በመከርከም የምንተዳደር ሰዎች ነን። የሞተር መጋዞቻችንን ለሚጠግኑልን መካኒክ ይህን ምስጋና በአደባባይ ልናቀርብ ወደድን። ስማቸውና ስልካቸው እዚህ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጠይቀን፤ እናገናኛለን። እዚህ የምንጽፈው አሠራራቸውን ነው። ሌላ ቦታ ያለ ሰውም መካኒክ ሲመርጥ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቅበታል።

መጋዝ አልነሳ ብሎ ሲመጣላቸው ካቻቢቴ አያነሱም። በመጀመሪያ ሰርባቶዮው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ቀድተው ብርሃን ላይ ያዩታል። ከዚያ ጥያቄ ይከተላል፦ ቤንዚኑ ኢታኖል (ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል አልኮል) አለው? ከዘይት ጋር የተቀላቀለው መቼ ነው? ጀሪካኑ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር ወይስ ግማሽ? ክዳኑስ በደንብ ይገጥማል? እነዚህ ሳይጠየቁ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ቢታጠብና ዲያፍራሙ (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ቢቀየር፣ ያው የተበላሸ ቤንዚን ተመልሶ ይገባና መጋዙም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል።

ኢታኖልን በጅምላ አለማውገዛቸው ደግሞ ምክራቸውን እንድናምን አድርጎናል። 10 ከመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን፣ ኢ10 የሚባለው፣ ስቲልንና ሁስክቫርናን ጨምሮ በዋና ዋና አምራቾች የተፈቀደ ነው። ኦክቴኑ (ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው መቀጣጠልን የሚቋቋምበት ደረጃ) ሮን በሚባለው መለኪያ ከ90 ካላነሰ፣ በቅርቡ የተቀዳ ከሆነና መጋዙ በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ያለ ሐሳብ ይሞላል። ኢ15 እና ኢ85 ግን የመጋዙ ማኑዋል በግልጽ ካልፈቀደ በቀር አይገቡም። ጣጣው የሚመጣው ቤንዚኑ ተቀላቅሎ ሲቀመጥ ነው።

ኢታኖል ውሃ ይስባል። ግማሽ በሆነ ጀሪካን ውስጥ ካለው አየር፣ ካልጠበቀ ክዳን፣ ከዝናብ፣ ሰርባቶዮ ሲከፈት ከሚገባ እርጥብ ሰጋቱራ ሁሉ ይሰበስባል። 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ 1 ሊትር ኢ10 አሟሙቶ ሊይዝ የሚችለው ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ሌሊት ቅዝቃዜው ከበረታ፣ ኢታኖሉ ውሃውን ይዞ ወደ ታች ይወርድና በብርጭቆው ውስጥ ሁለት ድርብርብ ፈሳሽ ይታያል። የቀላቀልነው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ከላይ ይቀራል። የቤንዚን ፊልትሮው ደግሞ የሚተኛው ሰርባቶዮው ታች ነው። ሞተሩ እንግዲህ ቀድሞ የሚስበው ዘይት የሌለበትን የውሃና የኢታኖል ድብልቅ ይሆናል። ጨርሶ ካልተነሳ ዕድለኛ ነን። ትንሽ ሠርቶ ከሆነ ግን ፒስተኑና ሲሊንደሩ ያለ ዘይት ይፋተጋሉ፤ አሉሚኒየሙ ተልጦ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ጉድጓዱ ውስጥ ይጣበቃል፤ ግሪፕ አደረገ የምንለው ይኸው ነው። ከላይ የቀረው ቤንዚንም ኢታኖሉ ሲለየው ኦክቴኑ ስለሚወርድ አይድንም። ጀሪካኑን መነቅነቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ቤንዚን ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ማረጋጊያ የሚባለው ኬሚካልም አንዴ የተለየውን አይመልስም። እንዲህ ያለ ቤንዚን ለመጋዝም ለሌላ ሞተርም ሳይውል በአግባቡ ይወገዳል።

ኢታኖል የሌለው ቤንዚንም ቢሆን ውሃ ከገባበት ከጣጣ አያመልጥም። ውሃው ምንም ሳይሟሟ በጠብታ መልክ ታች ይተኛል፣ ፊልትሮውም ይስበዋል። ስለዚህ የጀሪካንና የክዳን ንጽሕና በሁለቱም በኩል ያው ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሁለተኛ ነገር የካርቡሬተር ማስተካከያ ነው። ንጹሕ ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል በክብደት ለ1 እጅ 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል፤ ኢ10 ግን 14.1 ገደማ ይበቃዋል፣ ኢታኖል የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ። ኢታኖል በሌለው ቤንዚን የተስተካከለ መጋዝ ላይ ኢ10 ሲሞላ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። በተቃራኒው ሲሆን ጭስ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ይቀንሳል፤ ሞተሩን ግን አይገድልም። ለዚህ ነው መካኒካችን መጋዙን ሁልጊዜ ባለቤቱ በሚጠቀምበት ቤንዚን የሚያስተካክሉት፤ ቤንዚኑን ይዘን እንድንመጣ የሚያዙንም ለዚሁ ነው።

የሚያስተካክሉበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። የአየር ፊልትሮው ይጸዳል፣ ሞተሩ በደንብ ይሞቃል። መጀመሪያ ኤል የተጻፈበት ስፒል ጋዝ ሲሰጥ ሞተሩ ሳይንገራገር እስኪነሳ ይስተካከላል። ቀጥሎ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ሰንሰለቱ እስኪቆም ድረስ ይወርዳል፤ በሚኒሞ የሚዞር ሰንሰለት ሰው ይጎዳል። ኤች የሚለው በመጨረሻ ይመጣል፤ ወደ ግራ ሲዞር ቤንዚን ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይቀንሳል። በግምት አያዞሩትም፤ ዙር መቁጠሪያ ይዘው ማኑዋሉ ከሚለው ከፍተኛ ዙር እንዳያልፍ ይጠብቃሉ። ጆሮም ይረዳል። ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶ እንጨት ሳይነካ በትንሹ ሸካራ ድምፅ ማሰማት አለበት፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠራል። ባዶውን እያለ ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። በኮምፒውተር ራሳቸውን የሚያስተካክሉት አዳዲሶቹ መጋዞች የኢታኖሉን ልዩነት ይችሉታል፣ ውሃን ግን አይችሉትም።

ካንዴላውንም ያነባሉ። ፈካ ያለ ቡናማ ጥሩ ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል። ክፍተቱ በአብዛኞቹ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርጣሬ ካላቸው ማርሚታውን ያወልቁና በጭስ መውጫው በኩል ፒስተኑን በባትሪ ያሳዩናል፤ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ካለ የካርቡሬተር ወጪ ከማውጣታችን በፊት እንድናውቀው ነው። ለዚህ ግልጽነታቸው እናመሰግናለን።

ሦስተኛው ጎማው ነው። ኢታኖል፣ በተለይ ውሃ የያዘው፣ ያረጁ መጋዞችን የቤንዚን ቱቦ፣ የፕራይመር ፊኛና የካርቡሬተር ዲያፍራም ያሳብጣል፤ ሲደርቁ ደግሞ ይጠነክራሉ፣ ይሰነጠቃሉ። አዳዲሶቹ ክፍሎች የተሻለ ይቋቋማሉ። የዋልብሮም ሆነ የዛማ ካርቡሬተር ሲከፍቱ ዲያፍራሙን በሁለት ጣት ይዘው ያሳዩናል፦ ደህናው ልስልስ ብሎ ይታጠፋል፤ የተጎዳው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። የጠነከረ ዲያፍራም የቤንዚን መግቢያዋን መርፌ በትክክል አይከፍትም፣ ሞተሩም ጋዝ ሲሰጥ ይሞታል። ትንሿ የቤንዚን ወንፊት ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት የካርቡሬተሩ አካል ዝገት ነው፤ ውሃ እንደነበረ ምስክር ነው። ከገጠሙ በኋላ ካርቡሬተሩን በቤንዚን ቱቦው በኩል በ0.8 ባር ይነፉታል፤ ግፊቱ ከወረደ መርፌዋ ወይም መቀመጫዋ ያስተላልፋል ማለት ነው።

ሁሉንም በቤንዚን አያሳብቡም። አየር የሚያስገባ ፓራኦሊዮም (የሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ) ቤንዚን እንዳነሰው ሞተር ያለ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ ካርተሩን (ከሲሊንደሩ ሥር ያለውን የሞተር ቤት) በ0.5 ባር ግፊት ከነፉ በኋላ በዚያው መጠን አየሩን ስበው ይፈትሹታል። መጋዙ ጥቂት ሠርቶ ከሞተና ክዳኑ ሲከፈት ሽው ካለ ደግሞ የሰርባቶዮው መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ጥፋቱ የኢታኖሉ አይደለም።

ቤንዚኑ ኢታኖል ይኑረው አይኑረው ማወቂያ ዘዴያቸው ለማንም ይሠራል። መስመር ያለበት 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ተወስዶ እስከ 10 ድረስ ውሃ፣ ከዚያ እስከ 100 ዘይት ያልገባበት ቤንዚን ይሞላል። ተከድኖ በደንብ ይናጥና ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። የውሃው መስመር 10 ላይ ከቀረ ኢታኖል የለም። ወደ 15 ከወጣ 5 ከመቶ ገደማ ነው፤ ወደ 19 ወይም 20 ከተጠጋ ኢ10 ነው። ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ ጓንት ተደርጎ ይሠራ፤ የተሞከረበት ቤንዚንም ሰርባቶዮ ውስጥ አይመለስ።

ቅልቅሉ ላይ ጥብቅ ናቸው። 1 ለ50 ማለት ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ 1 ለ40 የሚል ማኑዋል ያለው በሊትር 25 ያደርጋል። በዓይን አይለካም። የቤንዚኑ ግማሽ ይቀዳል፣ ዘይቱ ይጨመራል፣ ይናጣል፣ ቀሪው ይሞላል። ዘይቱ በአየር ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ፣ ጃሶ ኤፍዲ (JASO FD) የሚል የጥራት ደረጃ የተጻፈበት ይሁን፤ ውሃ ለሚያቀዘቅዘው የጀልባ ሞተር የተሠራው አይሆንም። ጀሪካኑ ላይ የተቀላቀለበት ቀን፣ ጥምርታውና የቤንዚኑ ዓይነት በእስክሪፕቶ ይጻፋል። በኢ10 የተቀላቀለ ከ30 ቀን በላይ አይቆይ። ኢታኖል የሌለው፣ ማረጋጊያ ተጨምሮበትና በደንብ ተከድኖ፣ ጥቂት ወራት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ግን ቀላሉ ክፍል እየተነነ ማስነሳት ይከብዳል።

እንግዲህ የምርጫው መለኪያ የመቆያው ጊዜ ነው። በየቀኑ የሚቆርጥ ሰው በአዲስ ኢ10 በደህና ይሠራል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ መጋዝ የሚያነሳ ሰው ግን ኢታኖል የሌለውን ይፈልግ፤ ለእሱ ልዩነቱ የሞተር ዕድሜ ነው።

ከአንድ ወር በላይ ለሚቀመጥ መጋዝ ቤንዚኑ ውጭ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይገለበጣል። ከዚያ ተነስቶ በሚኒሞ እስኪጠፋ ይሠራል፤ አለዚያ የካርቡሬተሩ ዲያፍራሞች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እሳቸው የበለጠ የሚወዱት ግን የመጨረሻውን ሙሌት አልኪሌት በሚባለው የታሸገ ቤንዚን አድርጎ ጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ማስቀመጥን ነው። ኢታኖል የለውም፤ ቤንዞል (benzene) የሚባለውን የመሰሉ ጎጂ ኬሚካሎችም እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ተከፍቶም እንኳ አምራቾቹ እስከ 2 ዓመት ይሰጡታል። ቀኑን ሙሉ ጭሱን ለሚተነፍስ ቆራጭ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ አልኪሌት ለመዞር ያሰበ ግን አንድ ነገር ይወቅ። ለዓመታት በተራ ቤንዚን የሠራ አሮጌ መጋዝ ጎማዎቹ በቤንዚኑ አብጠው የለመዱ ናቸው፤ አልኪሌት ሲገባ ሊኮማተሩና ሊያፈሱ ይችላሉ። ስለዚህ ቱቦው፣ የካርቡሬተሩ ጎማዎችና ፓራኦሊዮው ቀድመው ይታዩ፣ ካርቡሬተሩም በአዲሱ ነዳጅ እንደገና ይስተካከል። ይህን መጋዞቻችን ከመፍሰሳቸው በፊት ስለነገሩን፣ የቀየሩትንም አሮጌ ዕቃ በላስቲክ አድርገው ከነምክንያቱ ስለሚመልሱልን፣ እጃቸው ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።